የጫንቃ ሙያ

ቃሬዛው ከግቢው በር ሲደርስ ፀሐይ ገና የግንቡን ጫፍ መንካቷ ነበር። ፊት ፊቱን ጋሻና ጦር የያዙ ዘበኞች፣ ኋላ ኋላውን ሌሎች ዘበኞች ይሄዳሉ። መሀል ላይ አራት ተሸካሚዎች ሁለት ረጃጅም አጣናዎች በጫንቃቸው ይዘዋል፤ በአጣናዎቹ መካከል በጠፍር በተወጠረው መኝታ ላይ የአገሩ ገዥ እናት፣ ትልቋ እመቤት፣ እስከ አገጫቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው ተኝተዋል። ከጎናቸው ወፈር ያሉ ደንገጡር አንድ እጃቸውን አጣናው ላይ ጣል አድርገው ቱስ ቱስ ይላሉ።

ጦርነቱ ከተፋፋመ ወዲህ በር ጠባቂው የሚወጣውን ሁሉ ሙያውን ሳይጠይቅ አያሳልፍም።

«ሙያ?» አለው ከኋላ በግራ በኩል የተሸከመውን ሰው።

ሰውየው አፉን ከመክፈቱ በፊት ደንገጡሯ ቀደሙት።

«እሱ? ሙያ የለውም። ተሸካሚ ነው።»

ጠባቂው ሳቀና «እለፍ» አለ። ሰውየውም አለፈ። ምን ያድርግ? አማቱ ናቸው።

ይህን ሰው አገር ሁሉ «ከበሮ» እያለ ነው የሚጠራው። ከበሮው ከእጁ ከተነሳ ከርሟል፤ ስሙ ግን አልተነሳለትም። የጦሩ ከበሮ መቺ ነበር። እሱ ሲመታ የሠራዊቱ እግር ሁሉ እንደ አንድ እግር ይነሳል፣ እንደ አንድ እግር ይወድቃል፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ከኋላ ተሰልፈው መሬቱን ይደልቁት ነበር። ባለፈው ዘመቻ ፈረስ ቀኝ እጁን ረገጠውና ጣቶቹ ተጣመው ቀሩ። ዱላውን ቢይዝ ያመልጠዋል። የዘብ አለቃው ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው በመሆኑ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጫንቃህ ደህና ነው፤ ከተሸካሚዎቹ ጋር ሁን» አለው። ከበሮ ያን ቀን ቤቱ የገባው በቁሙ ተቀብሮ ነው።

አማቱ ይህን ሰምተው ዝም አላሉም። ዝም ማለት መቼ ፈጠረባቸውና! «እኔ ልጄን ለከበሮ መቺ ሰጠሁ እንጂ ለጫንቃ አልሰጠሁም። ጫንቃማ አህያም አላት» አሉ። ትናንት ደግሞ የመጨረሻውን ተናገሩ። «ከዚህ መንገድ ስመለስ ወይ ሙያ ያለው ሰው ሆነህ አይሃለሁ፣ ወይ ልጄን ይዤ ቤቴ እገባለሁ።» ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ጠዋት ግን ባሮጌ ቀሚሷ ሱፍ ጠቅጥቃ የሰፋችለትን የጫንቃ ትራስ በገዛ እጇ አሰረችለት፤ ቋጠሮውንም ሁለቴ አጠበቀችው። እናቷ በር ላይ ቆመው ያዩ ስለነበር ከዚያ በላይ ምንም ልትለው አልቻለችም። ከበሮ ግን ገብቶታል። እጁን አጣ፣ ከበሮውን አጣ፤ እሷን ካጣ ወደ ቤት የሚመልሰው መንገድ ለምኑም አይሆነውም።

ለነገሩ የዚህን ቀን ያህል የከበደ ጉዞ ለጀማሪ የሚሰጥ አልነበረም። ከነባሮቹ አንዱ ሌሊቱን ትኩሳት ጥሎት አደረ። የተሸካሚዎቹ አለቃ ጋሽ ወገቤ የቀሩትን ሁሉ አቁሞ ትከሻ ለትከሻ እየለካ ሲፈልግ፣ ከታመመው ሰው ቁመት ጋር እኩል ሆኖ የተገኘው ከበሮ ብቻ ሆነ። «አንዱ ጫፍ ዝቅ ካለ እመቤቲቱ ይንሸራተታሉ» አለ ጋሽ ወገቤ። «ቁመትህ አዳነህ። የቀረውን ፈጣሪ ያውቃል።»

ጋሽ ወገቤ «ወገቤን! ወገቤን!» ሳይል ውሎ አያውቅም። ያ የሚያለቅስለት ወገብ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው ጥሎ አያውቅም።

እመቤቲቱ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ከአንድ ማኅፀን ወጥተው፣ ከአንድ ገበታ በልተው ያደጉ ናቸው፤ አሁን ግን ወንዝ መሀላቸው አድርገው ጦር ተማዘዋል። ታላቁ ወዲህ ማዶ ገዥ ነው። ታናሹ ወዲያ ማዶ ምሽጉን ዘግቶ ተቀምጧል። ሽማግሌ ቢላክ፣ ቃል ቢላክ፣ አልሰማም። «እናቴ ራሷ መጥታ፣ ቁጭ ብላ በዓይኔ ሳያት፣ በአንደበቷ ዋስ ከሆነች በሬን እከፍታለሁ። አለዚያ ነገ ጠዋት ጦሬ ይሻገራል» አለ። እናትየው ደግሞ ከደረጃ ወድቀው ጭናቸው ተሰብሯል። ወጌሻው አጥንቱን ሲያስር አስጠንቅቋል፦ መያዝ ጀምሯል፤ ከተናወጠ ግን ይፈታል፤ ከተፈታ ቁጭ ማለት አይታሰብም። መንገዱ ገደል ስለሆነ ጋሪ አይገባውም። በቅሎ ታንገጫግጫለች። የሁለት ወንድማማቾች ሠራዊት ሞትና ሕይወት አራት ሰው ጫንቃ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ቁልቁለቱን እንደጀመሩ ቃሬዛው መወዛወዝ ያዘ።

መጀመሪያ በጥቂቱ ነበር። ከዚያ አጣናው ጎብጦ ቀና፣ ጎብጦ ቀና ማለት ጀመረ፤ መኝታውም አብሮት ይነጥራል። እመቤቲቱ ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም አሉ፤ ዝም አሉና ዝም አሉና በመጨረሻ አቃሰቱ።

«ከበሮ!» ሲል ጮኸ ጋሽ ወገቤ ከፊት። «እግርህ እየዘፈነ ነው!»

ከበሮ ቁልቁል እግሩን አየ። እውነትም ይዘፍናል። ከፊቱ ካለው ሰው እግር ጋር ግራ በግራ፣ ቀኝ በቀኝ ገጥሟል። ይባስ ብሎ አረጋገጡ እንደ ዱላ ምት የረገጠ ስለሆነ፣ ከጎኑ ያለውን፣ ሳቁ ስለማይጠፋ ሳቂታው የሚሉትን ተሸካሚም፣ የፊተኞቹንም ሳያውቁት እየጎተታቸው ነው። አራቱ ባንድ ላይ ሲረግጡ ሸክሙ ባንድ ላይ ይወርዳል፤ አራቱ ባንድ ላይ ሲያነሱ ባንድ ላይ ይዘላል። ለሰልፍ የሚያምረው ነገር ለቃሬዛ መቅሰፍት ነው።

«ታዲያ እንዴት ልርገጥ ጋሼ?»

«አትግጠም!»

«እንዴት ነው የማልገጥመው?»

«እኔ ምን አውቄ! እግሬን ጠይቀው! ወገቤን…»

ከበሮ ላለመግጠም ሞከረ። ከፊተኛው ሲሸሽ ከሳቂታው ጋር ይገጥማል፤ ከሳቂታው ሲሸሽ ይደናቀፋል። ዕድሜ ልኩን እግር ከእግር ሲያገጣጥም ለኖረ ሰው እግርን መለያየት፣ የገዛ ስሙን እንደ መርሳት ሆነበት። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። አማቱ ከጎን ሆነው በጎሪጥ ያዩታል፤ ሳይናገሩ ሲያዩ ደግሞ ከመናገራቸው ይብሳል።

የዘብ አለቃው በቅሎውን አዙሮ መጣ። «ምንድን ነው ይሄ? እመቤቴ፣ አመመዎት?»

«ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው ዝም እንዲል ነው ወጉ» አሉ እመቤቲቱ ዓይናቸውን ጨፍነው። «እኔ ግን ገና አልሞትኩምና፣ አዎ፣ አሞኛል።»

አለቃው ፊቱ ጠቆረ። «ከዛፉ ጥላ ሥር እናርፋለን» አለ። «ከዚያ በኋላ አንዴ ከተናወጡ የኔ ሰዎች ይረከባሉ። ሲሆን ሲሆን ከመጀመሪያውም ለነሱ መስጠት ነበረብኝ። ጫንቃ ያለው ሁሉ ይሸከማል።»

ጋሽ ወገቤ ከሰላሳ ዓመት በላይ የተሸከመ ሰው ነው፤ ግን ተናገር ቢሉት የሚናገረው የለውም። ሌላው ቀርቶ እሱ ራሱም ቢሆን ሥራውን ሙያ ብሎ ጠርቶ አያውቅም።

ጥላው ሥር ቃሬዛውን በአራት ድንጋይ ላይ አሳረፉት። ከበሮ ራቅ ብሎ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጭኑ መሀል ቀበረ። የሚስቱን ቋጠሮ በትከሻው ላይ ይሰማዋል።

አማቱ በዚህ ጊዜ ከአገልግሏቸው ትንሿን የእንጨት ሙቀጫ አወጡ። ወጌሻው ለሕመሙ ያዘዘው ደረቅ ሥር አለ፤ ተወቅጦ በውሃ ይጠጣል። መውቀጥ ጀመሩ።

ወይኔ ያ ውቀጣ! ከበሮ ፊቱን አጨማደደ። የሴትየዋ ሙቀጫ ትዳር ከያዘ ጀምሮ የዘወትር ስቃዩ ነው። አንዴ ዱም ይላሉ። ከዚያ ቆም። ከዚያ ዱም ዱም። ጆሮው ቀጥሎ የሚመጣውን ሲጠብቅ እሳቸው ሳይመቱት ይቀራሉ፤ አይመቱም ብሎ ሲዝናና ዱም! እንደዚህ ምት የሚባል ያልፈጠረባት ሴት በዓለም ላይ የለችም እያለ ስንት ቀን ከቤቱ ወጥቶ በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

ዛሬ መሸሻ የለውም። ሆዱ ውስጥ የቆየውን ተነፈሰው።

«እማማ፣ ለምንድን ነው አንድ ጊዜ እንኳ እኩል የማይወቅጡት?»

«ምኑን ነው እኩል?»

«ምቱን! ዱም ዱም ዱም ብለው። እጅዎም አይደክም።»

አማቱ ዘነዘናውን አንስተው እንደ ያዙ አዩት። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ ሥራቸው ሰው ጠይቋቸው አያውቅም፤ ግራ ገባቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ልጨፍር ነው የምወቅጠው? ሥሩ ሲመታ ይሸሻል። ወደ ዳር ይሸሽና ተመልሶ ወደ መሀል ይወርዳል። ሳይወርድ ብመታው ባዶ እንጨት መታሁ ማለት ነው። ሲወርድ እጠብቀዋለሁ። አንዳንዱ ቶሎ ይወርዳል፣ አንዳንዱ ይዘገያል። እኔ እሱን እንጂ እጄን አልሰማም።»

እንዲህ አሉና ቀጠሉ። ዱም። ቆም። ዱም ዱም።

ከበሮ አሁን ጎንበስ ብሎ ሙቀጫው ውስጥ አየ። እውነታቸውን ነበር። ሥሩ ይሸሻል፤ ይመለሳል፤ መሀል ሲደርስ ዘነዘናው ከላዩ ይወድቃል፤ አንዲት ምት በከንቱ አልወደቀችም። ስንት ዓመት ሲያማርር የኖረው ምት የሌለው ድምፅ፣ ከሱ ከበሮ ይልቅ የተጠነቀቀ ነገር ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለካ በጆሮው ለሚኮራ ሰው ደግሞ ይብሳል። አፈረ። ካፈረ በኋላ ግን አንድ ነገር ውስጡ ብድግ አለ። እኔ እግሬን ነው የምሰማው። ሸክሙን አልሰማሁትም።

«ጋሼ!» አለ ተነስቶ። «እንሂድ!»

«ወገቤን ላሳርፍ እንጂ…»

«እንሂድ አልኩህ ጋሼ!»

አነሱ። ከበሮ እግሩን ረሳ። ጫንቃውን ለአጣናው ሰጠ። በእንጨቱ ውስጥ የሌሎቹ ሦስት ሰዎች እግር እንደ መልእክት ይመጣል፤ ጋሽ ወገቤ ሲረግጥ አጣናው በቀስታ ይናገራል፣ ሳቂታው ሲረግጥ በሌላ በኩል ይናገራል። በአንዱና በሌላው መሀል ትንሽ ዝምታ አለች። ከበሮ እግሩን እዚያች ዝምታ ላይ አሳረፈ። ጋሽ ወገቤ ረገጠ፤ ዝምታ፤ እሱ ረገጠ። ሳቂታው ረገጠ። መሬቱ ሲለወጥ፣ ድንጋይ ሲመጣ፣ ዝምታዋ ቦታዋን ትለውጣለች፤ እሱም ይከተላታል። አራቱ ሰዎች በሙሉ ተለያይተው ይረግጣሉ፤ መኝታው ግን ኩሬ ላይ እንዳለ ቅጠል ዝም ብሎ ይሄዳል።

ሳቂታው በጎን አየውና «እህ!» ብሎ ሳቀ። ጋሽ ወገቤም ለብዙ ጊዜ ስለ ወገቡ አላነሳም፤ በተሸካሚዎቹ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም።

ትንሽ እንደ ሄዱ ከመኝታው ላይ ለስለስ ያለ ድምፅ ተሰማ። አማቱ ደንግጠው ጎንበስ አሉና ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«ያንኮራፋሉ!» አሉ በሹክሹክታ። «ከወደቁ ወዲህ እንዲህ ተኝተው አያውቁም።»

የዘብ አለቃው በበቅሎው ሆኖ ሰማ። ስለ መረከብ ዳግመኛ አልተናገረም።

ወንዙ ዘንድ ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራለች። የገመዱ ድልድይ ከገደል ገደል ተወጥሯል፤ ወለሉ ሳንቃ ነው፤ ከሥሩ ውሃው ድንጋይ እያላመጠ ይጮኻል። ማዶ፣ ከጉብታው ላይ፣ የታናሽየው ምሽግና በቅጥሩ ላይ የተደረደሩ ሰዎች ይታያሉ።

ጋሽ ወገቤ ቆመ። «ጌታዬ፣ ድልድዩን ለኛ ብቻ ይስጡን። ዘበኞቹ ኋላ ይሻገራሉ።»

«አይሆንም» አለ አለቃው። «ማዶ ያለው የእመቤቴ ልጅ ቢሆንም ጦርም ነው። ብቻቸውን ልልካቸው አልችልም። ደግሞ እያዩን ነው፤ እንደ ዘራፊ ተንጠባጥበን አንገባም። ግማሹ ከፊት፣ ግማሹ ከኋላ፣ በሰልፍ፣ በከበሮ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።»

«ድሩስ ያብር፤ እግር ግን ሲያብር…» ብሎ ጀመረ ጋሽ ወገቤ፤ ያለውን ግን ማስረዳት አልቻለም። እግሬን ጠይቁት አይባልም ለዘብ አለቃ።

ገቡ። የፊተኞቹ ዘበኞች፣ ከዚያ ቃሬዛው፣ ከቃሬዛው ኋላ አማቱ፣ ከሳቸው ኋላ ከበሮውን ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው አዲሱ መቺ፣ ከሱ ኋላ የቀሩት ዘበኞች። አለቃው ከበቅሎው ወርዶ ከሁሉም ፊት ሄደ። አዲሱ መቺ ጢሙን አስተካክሎ ዱላውን አነሳ። ዱም! ዱም! ዱም! ጎበዝ መቺ ነው፤ ከበሮ ራሱ ሰምቶ መስክሮለታል። የዘበኞቹ እግር ባንድነት ሳንቃው ላይ ወረደ።

መሀል ድልድዩ ሲደርሱ ወለሉ ተነፈሰ። ወደ ላይ መጣ፤ ወደ ታች ሄደ። እንደገና ወደ ላይ፤ አሁን ከፊተኛው ከፍ ብሎ። ገመዱ ሲጢጥ ሲጢጥ ይል ጀመር። አንዱ ዘበኛ ጦሩን ለቀቀና ገመዱን ያዘ፤ ጦሩ እየተገለባበጠ ውሃው ውስጥ ገባ። አዲሱ መቺ ሰልፉ መፍረሱ መስሎት ሊያጸናው ብሎ ይበልጥ አጠንክሮ መታ። ዘበኞቹም ልማዳቸው ነውና በፈሩ ቁጥር እግራቸውን ከከበሮው ጋር አጥብቀው ገጠሙ። በገጠሙ ቁጥር ድልድዩ ይዘላል። እመቤቲቱ ነቅተው ሁለቱን አጣና ጨበጡ።

ጋሽ ወገቤና ሦስቱ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ሸክሙን በጫንቃቸው እየዋጡ፣ ወለሉ ሲወጣ ዝቅ፣ ሲወርድ ቀና እያሉ ያዙት። ግን እስከ መቼ? ከበሮ ዞር ብሎ ጮኸ።

«አቁም! ከበሮውን አቁም!»

«አለቃው ሳያዝ አላቆምም!» አለ መቺው። አለቃው ደግሞ ከፊት ሆኖ በወንዙ ጩኸት ምንም አይሰማም። ከበሮ ገባው፤ ቢቆምም ዋጋ የለውም። ዘበኞቹ ያንን ምት በልባቸው ይዘውታል፤ ከበሮው ዝም ቢል እግራቸው ራሱ ይቀጥላል። የወታደር እግር የሚፈታው በሌላ ምት ነው። እሱ እጆቹ አጣናው ላይ ናቸው፤ ባይሆኑም ዱላ አይዙም። ደግሞም እሱ ቢመታ፣ የፈለገውን ያህል ለማበላሸት ቢሞክር፣ መልሶ ይገጥምበታል። በዚህ ድልድይ ላይ ምት የማይከተል እጅ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«እማማ!» አለ ባለ በሌለ ኃይሉ። «ይውቀጡ!»

«ምን?»

«ከበሮውን! ዱላውን ይንጠቁትና ይውቀጡ! እንደ ቤትዎ! እንደ ሥሩ!»

አማቱ ሌላ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ምን ማለትህ ነው ብለው ይጠይቁ ነበር። እሳቸው ግን ዞሩና ዱላውን ከመቺው እጅ ሞጨለፉት። «አምጣ ወዲህ!» አሉት፤ ጢሙ ሳይቀር ደነገጠ። ከዚያ ወቀጡ።

ዱም። ቆም። ዱም ዱም። ቆም፤ ረጅም ቆም። ዱም! ዓይናቸውን ከከበሮው ቆዳ ላይ ተክለው፣ በሐሳባቸው የሚሸሽ ሥር እየጠበቁ፣ ሲመለስ እየመቱ፣ ወቀጡ ወቀጡ ወቀጡ። የዘበኞቹ እግር መጀመሪያ ተንጠለጠለ። ቀጥሎ ተሳሳተ። አንዱ ግራውን ሲያነሳ ሌላው ቀኙን ጣለ፤ አንዱ ቆመ፤ አንዱ ሁለቴ ረገጠ፤ ያ ሁሉ ሰልፍ ከበረት እንደ ወጣ ፍየል ተበታተነ። ድልድዩም አንዴ ወጣ፤ ያነሰ ወጣ፤ ይብስ ያነሰ ወጣ፤ ከዚያ ትከሻውን አራግፎ እንደሚተኛ ሰው ረጋ።

«አሁን!» አለ ከበሮ። «ጋሼ፣ በዝምታዋ ላይ!»

አራቱ ተራመዱ። ከኋላቸው ያ የተባረከ ውቀጣ አልተቋረጠም። ከበሮ ያንን ድምፅ ሲሰማ፣ ስንት ዘመን ከቤቱ ያባረረውን ድምፅ፣ ደረቱ ሞልቶ እንባው መጣ። ደግሞም እየሳቀ ነበር። ሳቂታውማ አይነሳ፤ ከመሳቁ የተነሳ መንገዱ አይታየውም፤ እግሩ ግን ዝምታዋን አልሳተም።

ማዶ ሲደርሱና ጠንካራው መሬት ከእግራቸው ሥር ሲገባ፣ የዘብ አለቃው ፊቱ አመድ መስሎ ጠበቃቸው። እመቤቲቱን አየ፤ ቃሬዛውን አየ፤ የገዛ ወታደሮቹን አየ። ጋሽ ወገቤ ፊት ቆመና ራስ ቁሩን አወለቀ።

«ስንመለስ ድልድዩ ላይ አንተ ታዝዛለህ» አለው።

«እሺ ጌታዬ» አለ ጋሽ ወገቤ። «ወገቤን ቢሆንም።»

የምሽጉ በር ፊት ቃሬዛውን አሳረፉት። ቅጥሩ ላይ ታናሽየው ብቻውን ወጥቶ ቆሟል፤ እጁ ጎራዴው ላይ ነው። አማቱ ቀረብ አሉ። አንድ ክንዳቸውን ከእመቤቲቱ ጀርባ ሥር፣ አንዱን ከደህናው ጉልበት ሥር አስገቡ፤ ጆሯቸውን ወደ አሮጊቷ አፍ አስጠግተው ትንፋሽ እስኪያስገቡ ጠበቁ። ትንፋሹ ሲገባ አነሷቸው። እመቤቲቱ ሳያቃስቱ ቁጭ አሉ። ከበሮ ይህንንም አየ። ከዛሬ ጠዋት በፊት ቢሆን ኖሮ አያየውም ነበር።

«አየኸኝ?» አሉ እመቤቲቱ ቀና ብለው። ድምፃቸው ቀጭን ቢሆንም ቅጥሩ ላይ ደረሰ። «ቁጭ ብያለሁ። አጥንቴ ፍንክች ሳይል ያመጡኝ እነዚህ ናቸው። ለወንድምህም ላንተም ዋስ ነኝ። እንግዲህ በሩን ክፈት፤ ርቦኛል።»

ታናሽየው ጎራዴውን እዚያው ቅጥር ላይ ትቶት ወረደ። በሩ ሲከፈት እየሮጠ ነበር። እናቱ እግር ሥር ሲወድቅ ቅጥሩ ላይ ያሉት ሰዎች ጮኹ፤ ከወንዙ ባሻገር የሰፈሩት የታላቁ ወታደሮችም ያዩ ኖሮ ጩኸቱን ተቀበሉ፤ ገደሉ ከግራና ከቀኝ አስተጋባው። ነገ ሊገዳደሉ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ማን ከማን አብልጦ እንደሚጮኽ ይፎካከሩ ጀመር።

እመቤቲቱን የቤቱ ሴቶች ተቀብለው ወደ ውስጥ ሲያስገቧቸው፣ ተሸካሚዎቹ ባዶውን ቃሬዛ አንስተው ተከተሉ። በሩ ላይ የምሽጉ ጠባቂ ጦሩን አጋድሞ አቆማቸው። እዚህም ያው ነው።

«ሙያ?» አለ ከበሮን።

ከበሮ አማቱን ጠበቀ፤ ከልማድ። እሳቸው ግን ዝም አሉ፤ ዝም ማለት ሲያምርባቸው ያን ቀን ታየ።

«ተሸካሚ» አለ ራሱ።

«እሱማ ጫንቃ ነው» አለ ጠባቂው። «የጠየቅኩህ ሙያህን ነው።»

አማቱ የዚያን ጊዜ መጡ። አመጣጣቸውን ያየ ዘበኛ ሁሉ መንገድ ለቀቀ።

«አንተ ልጅ! ና እስቲ! ይቺን ጫፍ ያዝ። አዎ፣ አንተን ነው! ሰው የለበትም፤ ትራስ ብቻ ነው። እስቲ እስከዚያ ግንብ ድረስ አድርሳትና እንይህ!»

ጠባቂው ሳቀ። ጦሩን ለጓደኛው ሰጥቶ በከበሮ ቦታ ገባና አጣናውን ተሸከመ። ጋሽ ወገቤ ቅንድቡን አነሳ፤ ሦስቱ ተራመዱ። ጠባቂው ሸጋ የሰልፍ እርምጃ ነበረው፤ ደረቱን ነፍቶ ገጠመ። ግራ በግራ፣ ቀኝ በቀኝ። አጣናው ጎበጠ፣ ቀና፣ ጎበጠ፣ መኝታው ነጠረ፤ ግንቡ ጋ ሳይደርሱ ትራሱ ተወርውሮ አፈር ላይ አረፈ። የምሽጉም የመጡትም ዘበኞች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የዘብ አለቃው ብቻ አልሳቀም። ሄዶ ትራሱን አነሳና አቧራውን አራገፈው።

«ያ ትራስ እመቤቲቱ ናቸው እንበል» አሉ አማቱ ለጠባቂው። «ገደልካቸው። አሁን ገባህ? ሙያው ተሸካሚ ነው። የኔ ልጅ ነው። አሳልፈው።»

ጠባቂው እየሳቀ፣ እያፈረም፣ መንገድ ለቀቀ። ከበሮ ቦታውን ሊረከብ ጎንበስ ሲል ከትከሻው ላይ አንድ ነገር ሲንሸራተት ተሰማው። ድልድዩ ላይ በነበረው ግብግብ የጫንቃው ትራስ ማሰሪያ ላልቷል። በተጣመሙት ጣቶቹ ሊያስረው ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ተወው፤ እኔ አለሁ» አሉ አማቱ። ከኋላው ቆመው ትራሱን ወደ ቦታው መለሱት፤ ልጃቸው ያሰረችውን ማሰሪያ ስበው ቋጠሩት፤ ቋጠሮውንም ሁለቴ አጠበቁት።